ያረጀ መስፍ አገኘሁ፤ የማን ሥራ ነው? ፊቱንስ ላስልጠው?

ጥላሸት

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ሁለት ነው፤ ታሪኩ ግን ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አንድ ያረጀ መስፍ፣ ብረት ቀጥቃጭ የጋለ ብረት አስደግፎ የሚመታበት ከባድ ብረት፣ እጄ ገብቷል። ለዓመታት የመጋዘን በር ማስደገፊያ ሆኖ የኖረ ነው። የመጋዘኑ ሰዎች ሲያልፉ በጫማቸው እየገጩት፣ ጣታቸውን ሲመታቸው እየረገሙት፣ ቀለም በተረፋቸው ቁጥር ደግሞ እሱንም እየቀቡት ኖረዋል። ላዩ አረንጓዴ ነው፣ ከሥሩ ቀይ፣ ከቀዩ ሥር ግራጫ። "የሚወስድልን ሰው ቢገኝ በተገላገልን" ሲሉ ሰማሁና እጄን አወጣሁ።

መስፍ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ላነሳው ስሞክር ነው። ቁመቱ ከጉልበቴ በታች ነው፤ ሲያዩት ታቅፈውት የሚሄዱ ይመስላል። ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ሁለት ሆነን በጣውላና በቧንቧ እያንከባለልን አወጣነው። የሰው ሚዛን ላይ ስናቆመው 80 ኪሎ ከትንሽ አለ። ሚዛኑ ከዚያን ቀን ወዲህ ጤና የለውም፤ ምንም ሳይወጣበት ሦስት ኪሎ ያሳያል።

መልኩን ልንገራችሁ። በአንድ ወገን ክብ ቀንድ አለው። በሌላው ወገን ተረከዙ ወጣ ብሎ ጠፍጣፋ ነው። ተረከዙ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፤ አንዱ አራት ማዕዘን፣ ሌላው ትንሿ ጣቴን የምታክል ክብ። እነዚህን አውቃቸዋለሁ፣ መሣሪያ መሰኪያና ብረት መብሻ ናቸው። ያልገባኝ ሌላ ነው። ከቀንዱ ሥር፣ ወገቡ ላይ፣ አንድ አራት ማዕዘን ጉድጓድ አለ። አውራ ጣቴ እስከ መጀመሪያው አንጓ ይገባል። በጀርባውም እንደዚያው። ገልብጠን ስናይ መቀመጫውም ላይ ሦስተኛ አለ። ወዴትም አያሳልፉም።

ጎኑ ላይ ቀለሙን በጥፍሬ ስፍቀው "1" አየሁ። ራቅ ብሎ "2"፣ ከዚያ ደግሞ "10"። ከቁጥሮቹ በላይ የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ፤ "ፒ" እና "ኢ" ይነበባሉ፣ የቀረው በቀለም ተደፍኗል። መሐል ላይ ክብ ነገር አለ፣ ማኅተም ይመስላል።

አሁን ወደ ቁስሉ። ፊቱ፣ ማለትም የሚመታበት የላይኛው ገጽ፣ በአንድ ወገን ጠርዙ አራት ጣት ያህል ርዝመት ተሸራርፏል፤ አይጥ የበላው ነው የሚመስለው። መሐሉ ደግሞ ሰርጉዷል። የብረት ማስመሪያ በቁመቱ አጋድሜ ከሥሩ ሁለት ባለ አንድ ሚሊ ቆርቆሮ ደራርቤ ብገፋ ገባልኝ። ስለዚህ ወደ ሁለት ሚሊ ጎድጉዷል ማለት ነው።

እኔ ጀማሪ ነኝ። ስምንት ወር ሙሉ የቀጠቀጥኩት ቁራጭ የባቡር ሐዲድ ላይ ነው። ሐዲዱ ይዘላል፣ እኔም አብሬው እዘላለሁ። አንድ ሚሊንግ ማሽን (ብረት ልጦ የሚያስተካክል ማሽን) ያለው ወዳጄ "ቅዳሜ ይምጣ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም፣ መስታወት አደርገዋለሁ" ብሎኛል። እጄ እያሳከከኝ ነው።

የማን ሥራ ነው? ላስልጠው ወይስ ልተወው?

ፍም

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። የበር ማስደገፊያ ያሉህ ነገር ምናልባት በዕድሜ ከአያቶቻችን ይበልጣል።

መጀመሪያ ቀለሙን አንሳ። ግራይንደር ግን እንዳታስጠጋው። የተመታው ጽሕፈት ጥልቅ አይደለም፤ ግራይንደር ቀለሙን ሲልጥ ስሙንም አብሮ ይዞ ይሄዳል። ቀለም ማስለቀቂያ ቅባውና እስኪያብጥ ጠብቀህ በእጅህ በሽቦ ብሩሽ ጥረገው። የድሮ ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። ደረቁን አትፈቅፍቀው፣ አቧራውን አትተንፍሰው፣ በእሳትም አታቃጥለው።

ሲጸዳ ጠመኔ በጠፍጣፋ ጎኑ አስተኝተህ ጎኑን እሸው። የብረቱ ገጽ ይነጣል፣ ወደ ውስጥ የገባው ፊደል ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ከዚያ መብራት አጥፋና የእጅ ባትሪ ከጎኑ አስጠግተህ አብራ። ፊት ለፊት አታብራ፣ ከጎን ነው። በቀን ብርሃን ባዶ ነው ያልኩት መስፍ ላይ ማታ በዚህ መንገድ ሙሉ ስም አንብቤያለሁ።

ቁጥሮቹ ግን አሁኑኑ ያወራሉ። 1፣ 2፣ 10 ተራርቀው ከተጻፉ የእንግሊዞች የድሮ ሚዛን ነው። የመጀመሪያው ሃንድረድዌይት ይባላል፤ ስሙ መቶ ይላል እንጂ 112 ፓውንድ ነው። ሁለተኛው የዚያ ሩብ ነው፣ እያንዳንዱ 28 ፓውንድ። ሦስተኛው እንዲሁ ፓውንድ ነው። እንግዲህ ደምር፦ 112 ሲደመር 56 ሲደመር 10፣ 178 ፓውንድ ይመጣል። በኪሎ 80.7 ገደማ። ሚዛንህ ከመታመሙ በፊት የተናገረው እውነት ነው። መካከለኛው ቁጥር መቼም ከ3 አይበልጥም፤ አራት ሩብ ከሞላማ ወደ ፊተኛው ይዞራል። አንድ ሰው መስፍ ላይ 1፣ 7፣ 5 አየሁ ካለህ የእንግሊዝ ሚዛን አይደለም፣ ቀጥታ 175 ፓውንድ ነው፤ ያ ብዙ ጊዜ የአሜሪካ ነው።

ያልገቡህ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች የመያዣ ናቸው። ይህን የሚያህል ብረት ግሎ ከእቶን ሲወጣ በጉጠት አይያዝም። ረጃጅም የብረት ዘንግ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እየሰኩ ነበር ከመዶሻ ሥር የሚያገላብጡት። ስለዚህ መስፍህ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው ማለት ነው። ጊዛ ቢሆን ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ይወጣ ነበር እንጂ ማን ዘንግ ይሰካበታል።

"ፒ" እና "ኢ" ብለህ፣ ክብ ማኅተም ብለህ፣ በእንግሊዝ ሚዛን ብለህ ስትመጣ እኔ የምጠረጥረው ፒተር ራይትን ነው። እንግሊዝ አገር፣ ዱድሊ ከተማ መስፍ ይሠሩ የነበሩ ናቸው። ስሙና "ፓተንት" የሚለው ከላይ ይመታል፣ ክቡ ውስጥ "ሶሊድ ሮት" ይላል፤ ድፍን ሆኖ ከተቀጠቀጠ ብረት ተሠራ ማለት ነው። እግሮቹን ደግሞ ዳስስ። በፊትና በኋላ እግሮቹ ላይ ጠባብ ጠፍጣፋ ደረጃ ካገኘህ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። "እንግላንድ" የሚል ቃል ካለበት ደግሞ ዕድሜውን ያጠብልሃል። አሜሪካ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ማስገደድ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። የቃሉ አለመኖር ግን ምንም አያረጋግጥም።

ስሙ ሌላ ሆኖ ከወጣም አትደንግጥ። የአይጥ ምስል ካለበት ከሼፊልድ የመጣው ማውስሆል ነው። ንስር ከመልሕቅ ጋር ጎኑ ላይ ጎልቶ ከታየ ፊሸር ነው። ገልብጠህ ስታየው መቀመጫው ላይ ወገቡ የጠበበ የአሸዋ ሰዓት የመሰለ ጎድጓዳ ካለ ብሩክሊን የተሠራው ሄይ በደን ነው። ጎድጓዳው ሞላላ ሆኖ ጎኑ ላይ ትሬንተን ካለ ከኦሃዮ፣ ከኮሎምበስ የወጣው ትሬንተን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል። ትሬንተን የሚባለው መስፍ ትሬንተን ከተማ አልተሠራም፤ ትሬንተን ከተማ የተሠራው ፊሸር ነው።

ስለማስላጡ ከእኔ የሚሻል ሰው አለ። ወናፍ፣ የት ነህ?

ሞረድ

ለበር ማስደገፊያ ይህ ሁሉ ምርመራ? እኔ በበኩሌ አስላጠው ባይ ነኝ። መስፍ ሥራ መሥሪያ እንጂ ቅርስ አይደለም። ሁለት ሚሊ ምን አላት? ፊቱ ጎድጓዳ ከሆነ የምትሠራው ሁሉ ጎባጣ ይሆናል። ወዳጅህ በነጻ እሠራልሃለሁ እያለህ ኢንተርኔት ላይ ምክር ትለምናለህ። ቅዳሜ ውሰደው፣ እሑድ ቀጥቅጥበት።

ወናፍ

ሞረድ ያለውን እኔም አንድ ጊዜ ብዬው ነበር። ስለዚህ አልቆጣውም። ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዬ መስፍ 120 ኪሎ ነበር። ጠርዙ የተሸራረፈ፣ መሐሉ ትንሽ የሰረጎደ፤ ያው እንደ ጥላሸቱ። አንድ ማሽን ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ጎበዝ ነው፣ በእጁ ምንም አይወጣለትም። መስፉን በእግሮቹ አቁሞ አሰረውና ላጠው። ሳየው በደስታ ልሞት ነበር። ፊቴ ይታየኝ ነበር ላዩ ላይ።

የሳትነው ነገር ቢኖር የድሮ መስፍ መቀመጫና ፊት ትይዩ አለመሆናቸውን ነው። በመዶሻ የተሠራ ነገር ነው፣ በማሽን አይደለም። መቀመጫው ዘንበል ብሎ ነበር። ማሽኑ ደግሞ የሚያውቀው ቀጥታውን ብቻ ነው። ተረከዙ ጋ ሁለት ሚሊ ሲያነሳ ቀንዱ ጋ ሰባት ሚሊ በላ። ቤት ወስጄ መታሁበት። ተረከዙ ጋ መዶሻው ይመለሳል። ወደ ቀንዱ ስሄድ ግን "ዱፍ" አለ። ሦስተኛው ምት ላይ የመዶሻዬ አሻራ ፊቱ ላይ ቀረ። ቁጭ አልኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ያቺን "ዱፍ" እሰማታለሁ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ይህ ዓይነቱ መስፍ ሁለት ብረት ነው። ገላው ለስላሳ ብረት ነው፤ ስለማይሰባበር ድንጋጤን ይችላል። ፊቱ ላይ ደግሞ አንድ ጣት ያህል ውፍረት ያለው የስቲል ሳህን በእሳትና በመዶሻ ተጣብቆበታል። ያ ሳህን ግሎ ውሃ ጠጥቷል፣ ስለዚህ ጠንክሯል። መዶሻህን ወደ ላይ የሚመልሰው እሱ ነው። በመቶ ዓመት አገልግሎት ከሱ ላይ የተወሰነው አልቋል። አንተ ደግሞ በላዩ ስትልጥ የቀረውን ትጨርሰዋለህ። እያሳሳኸው ስትሄድ ጠንካራው ቅርፊት ከሥሩ ባለው ለስላሳ ብረት ላይ የተዘረጋ ወረቀት ይሆናል። የተላጠ ስቲል ተመልሶ አይለጠፍም።

ሁለት ሚሊ ምን አላት ላልከው ሞረድ፣ ምንም የላትም። ለዚህ ነው መተው ያለባት። ትንሽ የሰረጎደ ፊት ለሥራ አይከፋም፤ የጎበጠ ዘንግ ለማቃናት እንዲያውም እሱ ይመቻል። ድፍን ጠፍጣፋ ላይ የጎበጠ ዘንግ ስትመታ ከሥሩ የሚገባበት ቦታ ስለሌለው ተመልሶ ይጎብጣል። ሰርጓዳው ላይ ግን ትንሽ ከቀጥታው አልፎ ይታጠፍና ተመልሶ ቀጥ ይላል። ጠፍጣፋ የምትፈልገው ለጥቂት ሥራ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከተረከዙ በኩል መዳፍ የምታክል ጠፍጣፋ ቦታ ይበቃሃል።

ጠርዙም እንደዚሁ ነው። አዲስ ገዢ ሁሉ ስለታም ጠርዝ ይወዳል። ስለታም ጠርዝ ላይ የጋለ ብረት ስትመታ ጥጉ ላይ እጥፋት ይፈጠራል፤ እጥፋቱ ቆይቶ ስንጥቅ ይሆናል። ብረት ቀጥቃጮች አዲሱን መስፍ ራሳቸው በሞረድ ያዞሩታል። የተሸራረፈውን ቦታ ጫፍ ጫፉን ብቻ አለስልሰው፣ ሌላ ስንጥር እንዳይነሳበት። በዚያ ወገን ላይ አትሥራ፣ አልቋል።

አሁን ከመወሰንህ በፊት ፊቱን ፈትሸው። ከአሮጌ ኩሽኔታ ውስጥ ትልቋን ብይ አውጣ፤ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ብትሆን ጥሩ ነው። ማስመሪያ አቁመህ ከ25 ሳንቲሜትር ጣላት። ሳትገፋ፣ እንዲሁ ልቀቃት። 20 ከነጠረች 80 በመቶ መለሰች ማለት ነው፤ ይህን የመሰለ ፊት እኔ ዛሬ በሕልሜ ነው የማየው። ከ17 በላይ ጥሩ ነው። ግማሹን ካልመለሰች ወይ ጊዛ ነው፣ ወይ ፊቱ ለስልሷል። መጋዘን ሲቃጠል አብሮ የጋለና ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ መስፍ እንደዚያ ይሆናል፤ መልኩ ምንም አይል፣ ጥንካሬው ግን ሞቷል። አንድ ቦታ ብቻ አትጣል። ፊቱን በጠመኔ እንደ ገበጣ ከፋፍለህ እያንዳንዱ ላይ ጣልና ቁጥሩን እዚያው ጻፍበት።

ከዚያ ጉቶ ላይ አስቀምጠህ በትንሽ መዶሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ንካ ንካ አድርገው። ደወል መሆን አለበት። ድምፁ አንድ ቦታ ላይ በድንገት ከታፈነ እዚያ ጋ ሳህኑ ከገላው ተላቋል ወይም ስንጥቅ አለ። ፊሸርን ግን በዚህ አትፍረዱበት። እሱ ገላው ጊዛ ስለሆነ ጤነኛውም አይጮህም፤ ብይዋን ግን አሳምሮ ይመልሳል።

ጥላሸት

ተመለስኩ። በመጀመሪያ፣ ፍም፣ ወንድሜ ያልከኝ እህትህ ነኝ። አልተቀየምኩም፤ ስሜ ጥላሸት ሆኖ ማን ይጠረጥራል።

ቀለሙ ሁለት ቀን ፈጀ። ማስለቀቂያው አረንጓዴውን ወዲያው አነሳው። ቀዩ ግን ግትር ነበር፣ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ጠመኔውን አሸሁ፣ መብራት አጠፋሁ፣ ባትሪውን ከጎን አበራሁ። እናንተዬ! ፊደል በፊደል ወጣ። መጀመሪያ "ፒተር"፣ ከሥሩ "ራይት"፣ ከሥሩ "ፓተንት"። ክቡ ውስጥ "ሶሊድ" ሙሉ ነው፣ "ሮት" የሚለው ግማሹ ተበልቷል። "እንግላንድ" የሚል የለም፤ ሁለቱንም ጎን ፈልጌ አጣሁ። እግሩ ላይ ጠባቡ ደረጃ አለ። በጨለማ ብቻዬን ተንበርክኬ እየሳቅኩ ነበር።

ሌላም ነገር አገኘሁ። ከቀንዱ ጋር በሚገናኝበት፣ ከፊቱ ዝቅ ብላ ያለችው ደረጃ ላይ ብዙ የመቁረጫ ጠባሳ አለ። ስካርፔሎ እየደገፉ ብረት የቆረጡባት ይመስላል። ፊቱ ላይ ግን እንደዚያ ያለ ጠባሳ አንድም የለም። የያዘው ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነበር።

ብይ አገኘሁ። ፊቱን በጠመኔ አሥራ ስምንት ቤት ከፈልኩት። መሐሉ፣ ያ የሰረጎደው ቦታ፣ 20 እና 21 መለሰ! ከወገቡ በላይ ያለው ሁሉ ከ19 አይወርድም። ተረከዙ ጋ 16 እና 17 ነው። የተሸራረፈው ጠርዝ አጠገብ 15። አንድ ቤት ግን አስጨነቀኝ። የተረከዙ ጫፍ፣ የግራው ጥግ፣ 9 ብቻ ነው የመለሰው። በመዶሻ ስነካውም ድምፁ እዚያ ጋ ይታፈናል፤ የተሰነጠቀ ሸክላ ሲነኩት እንደሚለው ነው። ስፋቱ ሁለት ጣት በሁለት ጣት ይሆናል። ከጎን በማጉያ ሳየው ጸጉር የመሰለ ጥቁር መስመር አለ።

ቅዳሜን ሰርዣለሁ። ወዳጄ ትንሽ ቅር ብሎታል። ግን ጥጉን በብየዳ ልሙላው? ጠርዙንስ?

ብልጭታ

ብየዳ እንጀራዬ ነው፣ ስለዚህ ከእኔ "በይጂው" ትጠብቂ ይሆናል። አትበይጂው።

መስፍ ላይ መበየድ ይቻላል፣ ሠርቼዋለሁም። ግን ሥራው እንዲህ ነው። 80 ኪሎውን ብረት በሙሉ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሞቅ አለብሽ። አንድ ቦታ ብቻ ካሞቅሽ የቀረው ቀዝቃዛ ገላ ሙቀቱን በቅጽበት ይስበዋል፤ ብየዳው እንደ ብርጭቆ ይደርቅና ከሥሩ ይሰነጠቃል። ከ200 ብዙ ካለፍሽ ደግሞ የራሱን የፊቱን ጥንካሬ ታጠፊያለሽ። የጸዳ ፊት የገለባ ቀለም ማምጣት ሲጀምር መጠንቀቅ ነው፣ ሰማያዊ ካደረገ አልፏል። ስለዚህ በጠባብ ገመድ ላይ ነው የምትሄጂው። መሙያው በደረቀ 7018 ኤሌክትሮድ፣ ላዩ በጠንካራ ኤሌክትሮድ ይሠራል፤ በየረድፉ እየቀጠቀጥሽ፣ ሙቀቱን እየለካሽ። ሲያልቅ አመድ ወይም ደረቅ አሸዋ ውስጥ ቀብረሽ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ሌሊቱን ሙሉ ትተዪዋለሽ። እኔ የሠራሁት ግማሽ ፊቱ የተገነጠለ መስፍ ነበር፤ የሚያጣው ነገር አልነበረውም። ያንቺ 20 የሚመልስ ፊት አለው። ለሁለት ጣት ጥግ ብለሽ ቁማር አትጫወቺ።

ያቺ ጸጉር የመሰለች መስመር ሳህኑና ገላው የተጣበቁበት ቦታ ነው። ድሮ ሲጣበቅ ጥጉ ላይ በደንብ አልያዘ ይሆናል። ጥጉ ላይ ከበድ ያለ ምት አታሳርፊ፣ መስመሯንም ጫፏ ላይ ምልክት አድርጊባት። በየጊዜው እያየሽ ካላደገች ተያት።

ሞረድ

20 መለሰ? እሺ፣ ቃሌን አነሳሁ። የኔው ሐዲድ 13 ነው የሚመልሰው፤ አሁን ሄጄ ለካሁት። ዝገቱንስ? አሲድ ውስጥ ንከሪው ልል ነበር፣ ግን ዛሬ ቀኔ አይደለም መሰለኝ።

ወናፍ

ሞረድ፣ ቀንህ ነው፣ ማርሃለሁ። 80 ኪሎ የሚነከርበት ገንዳ ካላት ኤሌክትሮሊሲስም ይሆናል፤ ውሃ፣ የልብስ ሶዳ፣ የባትሪ ቻርጀር፣ አንድ የማይፈለግ ተራ ብረት። የቻርጀሩ ኔጌቲቭ መስፉ ላይ፣ ፖዘቲቩ ተራው ብረት ላይ። አይዝጌ ብረት እዚያ ውስጥ ማስገባት ግን ክልክል ነው፤ መርዛማ ክሮሚየም ውሃው ውስጥ ይለቃል። የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ሃይድሮጅን ስለሆነ ከቤት ውጭ፣ ከእሳት ርቆ። ግን ለምን ትደክማለች? ለዚህ ዝገት የሽቦ ብሩሽ ይበቃል። ቡናማው ልባስ ይቅር፣ እሱ ራሱ ልብሱ ነው። ጎኑን አታብሪው እህቴ፤ ጎን አይመታበትም።

ብሩሹ ሲያልቅ ገላውን ሞቅ አድርጊና፣ እጅ በሚችለው ልክ፣ የተልባ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርገሽ ቀቢው። ስስ ብያለሁ። ከወፈረ እንደ ሙጫ ይጣበቅና አቧራ ይሰበስባል። ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ደግሞ ጨብጠሽ ጥግ አትወርውሪው፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይግላል፣ ጨርቁ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተሽ ውጭ አድርቂው። ፊቱን አትቀቢ፣ ፊቱን የሚያጸዳው ሥራ ነው።

ጉቶው ላይ ስታቆሚው ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ክንድሽን ልቀቂ፣ ጣቶችሽን ጨብጪ። የአንጓሽ አጥንት ጋ ፊቱ ይድረስ። ከዚያ ከፍ ካለ ትከሻሽን፣ ዝቅ ካለ ወገብሽን ይጠይቅሻል።

ጥላሸት

ሠራሁት። ያው የነገራችሁኝን፣ ብዙም አልጨመርኩ።

የተሸራረፈውን ጠርዝ በእጅ ሞረድ ነው የነካሁት። ግራይንደሩን አንድ ጊዜ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ሞረዱ መጀመሪያ ላይ ፊቱ ላይ ይንሸራተት ነበር፣ መስታወት ላይ እንደሚሄድ። አይዝም። ተናደድኩ፣ ሞረዱ ያረጀ መሰለኝ። ቆይቶ ገባኝ፤ አይዝም ማለት እኮ ፊቱ ጠንካራ ነው ማለት ነው! ጎኑ ላይ፣ ከሳህኑ ዝቅ ብዬ ሞከርኩት፣ ወዲያው ነከሰ። ሁለቱ ብረት የሚለያዩበትን ቦታ በእጄ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ስንጥሮቹን ብቻ በአልማዝ ድንጋይ አሻሸሁ፣ ሁለት ምሽት ወሰደ።

ጥጉ ላይ ጸጉሯ የምታልቅበትን ቦታ በስለት ጭሬ ምልክት አድርጌያለሁ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ተራ ማንጠልጠያ መንጠቆ ነው። ሐዲዱ ላይ አምስት ጊዜ አግዬ የምጨርሰውን ሹል ጫፍ በሦስት ጨረስኩት። መዶሻው ይመለሳል። ለቀጣዩ ምት ከፍ ማድረግ ብቻ ነው የቀረኝ። ዘንጉ ሲጎብጥብኝ ሰርጓዳው ላይ አጋድሜ ሁለቴ መታሁት፣ ተቃና። ወናፍ፣ ትዝ አልከኝ።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ይጮኻል። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ጆሮዬ እስከ ማታ ድረስ ይጮኽ ነበር። ጎረቤት ሁለቴ ወጥቶ አየኝና ሁለቴ ዝም ብሎ ገባ፤ ሦስተኛው ዝም የሚል አይመስለኝም።

ፍም

እህቴ፣ ይቅርታ ለወንድሜው። ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ ትልቁን ማግኔት አውጪና ከተረከዙ ሥር ለጥፊው። እግሮቹንም ጉቶው ላይ በሰንሰለት ጥፍር አድርገሽ እሰሪያቸው። የጆሮ መከላከያሽን ግን አታውልቂ።

ጥላሸት

ለጠፍኩት፣ አሰርኩት። ደወሉ ወደ ሳል ወርዷል። ጎረቤት ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣ። የበር መቀርቀሪያ ይዞ ነው፤ "ይቺን ታቃኚልኛለሽ?" አለኝ።